ዕረፍት በክፍለ ጊዜ

ደብዳቤው የመጣው በሮዝ ወረቀት ነው። ክፉ ነገር በነጭ ወረቀት ሲመጣ ሰው ያነባል፣ ይቆጣል፣ ይሟገታል፤ በሮዝ ሲመጣ ግን ጭራሽ ምስጋና ይጠበቅበታል። «ውድ ባልደረባችን፣» ይላል፣ «በዚህ የለውጥ ወቅት ከሚወዷቸው ጋር መንፈስን የሚያድስ ዕረፍት እንዲወስዱ እናበረታታለን። ለውጥን በፈገግታ ይቀበሉ።» ከሥሩ የርእሰ መምህሩ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ደግሞ ማኅተም። ፈገግታ በማኅተም ሲታዘዝ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ደብዳቤው የደረሰውን ሰው ተማሪዎች በሌለበት «ደወል» ይሉታል። በፊቱ ደፍሮ የጠራው የለም። በሙያው የሒሳብ መምህር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ የሚነሣው ግን በሒሳብ ሳይሆን በድልድል ነው። የትኛው መምህር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የትኛው ክፍል ገብቶ እንደሚያስተምር የሚወስነው እሱ ነው። የቢሮው ግድግዳ ከወገብ እስከ ጣሪያ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ምስማር ተመቷል፤ በየምስማሩ ባለቀለም ካርድ ይሰቀላል። ሃያ ስምንት ክፍል፣ በሳምንት ሠላሳ አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ሰባ አንድ መምህር። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሦስት ሳምንት በሩን ዘግቶ ይሰቅላል፣ ያወርዳል፣ ይሳደባል፣ እንደገና ይሰቅላል። በመጨረሻ ሲወጣ ፂሙ አድጎ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ እንደ ድል አድራጊ ጄኔራል ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስመጣ። ድልድሉን በአሥራ አንድ ደቂቃ ይጨርሳል ተባለ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ!» አለ ደወል ለሚስቱ፣ ሮዙን ደብዳቤ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ሽንኩርት እንኳ በአሥራ አንድ ደቂቃ በወጉ አይቁላላም! ይኸው ደግሞ ‹ከሚወዷቸው ጋር› ይሉኛል። ማንን እንደምወድ እነሱ ምን አገባቸው?»

«እውነትህን ነው፣» አለች ሚስቱ። «እኔም ስጠይቅ ኖሬ አልተነገረኝም።»

ሚስቱ ፊዚዮቴራፒስት ናት። የተሰበረ እግር እንደገና እንዲራመድ፣ የተኮማተረ እጅ እንዲዘረጋ ስታሠለጥን የኖረች፣ ስለዚህም ቶሎ ተስፋ የማትቆርጥ ሴት። ትዕግሥቷ ግን እንደማንኛውም ጅማት ልክ አለው። አራት ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በምትገኝ የሐይቅ ዳር ከተማ አዲስ ማገገሚያ ማዕከል ሊከፈት ነው፤ ኃላፊ ሆነሽ ነይልን ብለዋታል። መልሷን የሚጠብቁት ሰኞ ጠዋት ነው።

«ዕረፍት ውጣ ካሉህ እዚያው እንሂድ፣» አለችው። «አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ከተማዋን እያት። ከዚያ ትነግረኛለህ። ወይ አብረን እንሄዳለን፣ ወይ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። አልሄድም የሚል ምርጫ ግን የለኝም፤ እሱን ሃያ ሁለት ዓመት መርጬዋለሁ።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«እያሳወቅኩህ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ደወል ግን የሚያውቀውን አደረገ። መቀስ፣ ማስመሪያና ባለቀለም ወረቀት አወጣ።

አርብ ጠዋት ከተከራዩት ባለሁለት ክፍል የሐይቅ ዳር ቤት ደርሰው ሻንጣ ሳያወርዱ፣ ደወል አንድ ትልቅ ወረቀት ከበሩ ጀርባ በፕላስተር ለጠፈ። አብረዋቸው የመጡት አማቱና ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ናቸው። አማቱ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መቀሳቸውን ካስቀመጡ ዓመታት አልፈዋል፣ ምላሳቸውን ግን አላስቀመጡትም። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

«አርብ። አንደኛ ክፍለ ጊዜ፣ የሐይቅ ዳር የእግር ጉዞ፣ እናትና ልጅ። መሸጋገሪያ፣ አምስት ደቂቃ። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ነፃ ጨዋታ፣ አያትና የልጅ ልጅ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ በዝምታ ተፈጥሮን ማድነቅ፣ አማት፣ አርባ ደቂቃ።» መነጽራቸውን አወረዱ። «አርባ ደቂቃ ዝም? አንተ ሰው፣ እኔ ባሌ ሲቀበር እንኳ አርባ ደቂቃ ዝም አላልኩም!»

«እርስዎ ካልፈለጉ ከልጅቷ ጋር እቀያይረዋለሁ፤ ግን አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግጭት ይፈጠራል፣» አለ ደወል፣ ከልቡ ተጨንቆ።

ልጁ ወረቀቱን ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ተመልሳም ወደ ላይ አየችው። «አባዬ፣ የእማዬ አረንጓዴ ነው። የአያቴ ቢጫ። የኔ ሰማያዊ። ያንተስ?»

«የኔ ምን?»

«ቀለምህ። የት ነው ያለኸው?»

ደወል ወደ ወረቀቱ ተጠጋ። ሦስት ቀን፣ በቀን ስምንት ክፍለ ጊዜ፣ አንድም ግጭት የሌለበት፣ የሚያምር ሥራ ነበር። የለም። እሱ የለም። እንዴት ይኖራል? ድልድል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ክፍል ገብቶ ስለማያስተምር ጣውላው ላይ የእሱ ካርድ ተሰቅሎ አያውቅም። ሰቃይ አይሰቀልም። እጁ ሦስት የካርድ ቀለም መርጦ፣ አራተኛው ሰው መኖሩን ሳያስታውሰው፣ ሥራውን ጨርሶ ወረቀቱን ጠቅልሎታል።

«እኔ… አስተባባሪ ነኝ፣» አለ።

«እሰይ!» አሉ አማቱ። «ሚስትየው ከማን ጋር ልትዝናና ነው? ከአስተባባሪው ጽሕፈት ቤት ጋር?»

«እማማ፣ ተዪው፣» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «አልተሳሳተም እኮ። ቤታችንን ነው ቁጭ አድርጎ የሳለው።»

ደወል ወረቀቱን ቦጭቆ፣ ጨምድዶ፣ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሐይቁን ተቆጣው። ሐይቁ የሰዓት አክባሪነት ችግር ያለበት ነገር ነው፤ ማዕበሉ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ተጠያቂም የለውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ መንፈስ ይታደሳል ብሎ ያወራ ማን ነው? ዕረፍት ድሮ የደከመው ሰው የሚተኛው እንቅልፍ ነበር። አሁን ግን ሌላ ሥራ ሆኗል፤ መሪ ቃል አለው፣ ሥልጠና አለው፣ ፈገግ ብሎ ያልታደሰ ሰው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። መሥሪያ ቤት ሰውን አድክሞ አድክሞ ሲያበቃ፣ «ለምን ደከምክ?» ብሎ በሮዝ ወረቀት ይወቅሳል። ይህን ሁሉ ደወል በልቡ አለ፤ ትክክልም ነበር። ክፋቱ፣ ትክክል የሆነ ንዴት ለተሳሳተ ሰው ጥሩ መደበቂያ ይሆናል።

በዚያ ላይ ተስፋ ነበረው። ስልኩን በየአምስት ደቂቃው ያያል። ማሽኑ እንዲበላሽ በሙሉ ልቡ እየጸለየ ነበር። ከሚወዳቸው ጋር ለዕረፍት የወጣ ሰው ጸሎት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ወደ ማገገሚያው ወሰደችው። ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣ ሰፊ፣ መስኮቱ የበዛ ቤት ነው። መኻል ላይ፣ መራመድ የሚለማመዱ ሰዎች ግራና ቀኝ የሚይዟቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ተተክለዋል። ሚስቱ በብረቶቹ መካከል ቆማ እጆቿን ጣል አደረገችባቸው። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ደወል ካየው ስንት ዘመኑ ነበር፤ ስሙንም ረስቶታል።

«በሩ ይጠባል፣» አለ።

«ተሽከርካሪ ወንበር በደንብ ያስገባል። ለክቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር መጥቼ። ነግሬሃለሁ። ‹እሺ፣ እሺ› ብለኸኛል። ካርድ እየቆረጥክ ነበር።»

ያን ጊዜ ፕሮግራሙ እንደሚመጣ ታውቆ ነበር። ደወል ግን ለማይሰቀልበት ጣውላ ካርድ ይቆርጥ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሲሾም ከሹመቱ ሌላ ምንም ያልቀመሰ ሰውስ ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ነው። ይህ ምክትል ድሮ የደወል ተማሪ ነበር፤ በሒሳብ ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ስለዚህ ወደ አስተዳደር ገባ።

«ጋሼ፣ አለቅን!»

«ምነው? ለውጡ ፈገግ አላለም?»

«ፕሮግራሙ የፊዚክሷን መምህርት ሐሙስ አንደኛ ክፍለ ጊዜ አስገባት፤ አለቀሰች። ሽማግሌውን የጂኦግራፊ መምህር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አወጣቸው። ሁለቱ የተኳረፉት የታሪክ መምህራን በየቀኑ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ትናንት ድልድሉ የተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ሊደባደቡ ነበር። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። መምህራኑ በዚህ ድልድል አንገባም ብለው ፈርመዋል!»

የደወል አንጀት ቅቤ ጠጣ። እግሩን እግሩ ላይ አነባበረ።

«እኔ እኮ ዕረፍት ላይ ነኝ። መንፈሴ እየታደሰ ነው።»

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ፈገግ እያልኩ ነው። አይታይህም?»

«በስልክ አይታይም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልንገርህ፤ ጥርሴ በሙሉ ወጥቷል!»

«መኪና ልልክልዎት? አሁን ቢነሣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እደጅዎ ይደርሳል። ነገ ቀኑን ሙሉ ይሠሩልናል። ጣውላውም አልተነቀለም።»

ጣውላው አልተነቀለም። ይህችን ቃል ሲሰማ ደወል ከወንበሩ ተነሣ። «ላክ፣» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ገብቶ፣ ያመጣቸውን ሁለት ሸሚዞች በቦርሳ መክተት ያዘ፤ በአፉም ያፏጭ ነበር። ልጁ ከመጽሐፏ ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች። «ትሄዳለህ?»

«ለአንድ ቀን ነው! ሰኞ እቤት እንገናኛለን።»

«ሰኞ ጠዋት ነው መልስ የምሰጠው።»

«አውቃለሁ። በስልክ እንነጋገራለን። ሰምተሽው የለም እንዴ? ያለ እኔ አልሆነላቸውም!»

«እሺ።»

ደወል ማፏጨቱን አቆመ። ሃያ አምስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የእሺን ዓይነት ያውቃል። በጄ የሚል እሺ አለ፤ ቆይ ብቻ የሚል እሺ አለ። ይህ ግን ሻንጣዋን ለብቻ ያሰረች ሴት እሺ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣» አለች። «የፊዚክሷ መምህርት ሐሙስ ጠዋት ለምንድን ነው የማትችለው?»

«እናቷን ለኩላሊት እጥበት ስለምትወስድ ነዋ።»

«ራሷ መጥታ ነገረችህ?»

«ጠየቅኳት! ሰባ አንዱንም በየዓመቱ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ማን ታመመበት፣ ማን ወለደች፣ ማን ከማን ተጣላ። ሳትጠይቂ ድልድል ይሠራል እንዴ? እነሱ ሥራው ካርድ መስቀል መስሏቸዋል፤ መጠየቅ ነው ሥራው!»

«እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

ደወል የሸሚዙን እጅጌ ማጠፍ ያዘ።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምገባው?»

«አሥራ አንድ ተኩል ነዋ። እንደ ሁልጊዜው።»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው የምገባው። ከሥራ በኋላ በነፃ የማሠለጥናቸው ሽባ ልጆች አሉ። ገብቼ ራቴን ብቻዬን እበላለሁ።»

«እኔ የት ሆኜ?»

«እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ፊት ለፊቴ።»

አማቱ ከበረንዳው፣ ለማንም ሳይሆን ለሐይቁ የሚናገሩ መስለው፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፣» አሉ።

በሌላ ቀን ቢሆን ደወል ለዚህች ተረት ሦስት መልስ ነበረው። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሸሚዝ በእጁ ነበር። ሰባ አንድ ሰው ያውቃል። ማን ጠዋት ጠዋት ማዞር እንደሚይዘው፣ የማን ልጅ ሞግዚት እንደሌላት፣ የማን ባል መጠጥ እንደሚያበዛ። እዚህ በር ላይ የቆመችውን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የት እንደምታመሽ አያውቅም። ማሽኑ ከዚህ የባሰ ምን አጠፋ? ማሽኑ ቢያንስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያወጣቸውን ሽማግሌ አግብቶ አልኖረም።

ብርሃን ወረደለት፣ ልቡ እንደ አበባ ፈካ ቢባል ቅጥፈት ነው። ደወል በጣም ተናደደ። በማን እንደተናደደ ለማወቅ ግን ጥቂት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«መኪናውን መልሰው።»

«ጋሼ! ምነው?» ምክትሉ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ተቀየሙ? ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ…»

«በሮዝ ወረቀት እንዳይሆን ብቻ። ስማኝ፤ ያቺን ማሽኑ ላይ የምትሠራ ልጅ ጥራት። ትቀመጥ። ውኃ ስጣት፤ ረጅም ነው።»

ልጅቷ መጣች። ደወል ከመጀመሪያው መምህር ጀመረ። «ፊዚክስ፤ ሐሙስ እስከ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነፃ። ጂኦግራፊ፤ ምድር ቤት ብቻ፣ ጉልበታቸው ነው፣ ግን ጉልበቴ ብለው አይነግሩሽም፣ እንዳትጠይቂያቸው። እነዚያ ሁለቱ ታሪኮች፤ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት። የእንግሊዝኛው፤ ጠዋት ጠዋት ይንተባተባል፣ ከሁለተኛ በፊት እንዳታስገቢው። የስፖርቱ፤ ወገቤን እያለ ያመለክታል፣ ምንም የለበትም፣ ሰነፍ ነው፣ ሰኞ አንደኛ ስጪው። የኬሚስትሪዋ፤ አርብ ከሰዓት በፍጹም።»

«ምክንያቱ፣ ጋሼ?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«ፕሮግራሙ ምክንያት የሚል ሳጥን አለው። ባዶ ከሆነ አያልፍም።»

«‹ሰው ናት› ብለሽ ጻፊበት።»

ከዚያ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። «አለፈ፣» አለች ልጅቷ፣ ራሷም ገርሟት።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ብርቱካን ትልጣለች፤ ስትሰማ እንደነበር ያስታወቀባት አንዱን ብርቱካን ልጣ ሳትበላ ረስታው መቆየቷ ነው። ደወል በእያንዳንዱ ስም ምን እያደረገ እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ካርዱ እኮ ከወረቀት ነው፤ ማንም ይቆርጠዋል። እሱን የማይተካ ያደረገው በጭንቅላቱ የያዘው ይህ ነበር፤ አሁን እየዘረገፈው ነው። ሰባ አንደኛዋን ተናግሮ ሲጨርስ ከእንግዲህ ማንም «አለቅን» ብሎ አይደውልለትም። ድምፁ እየሻከረ ሄደ። ስልሳዎቹ ላይ ሲደርስ ልጁ ውኃ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልቋል፣» አለ በመጨረሻ። «አስነሺው እስቲ።»

ጠበቁ። አሥራ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የፈጀው።

«ግጭት የለም፣ ጋሼ!» አለች ልጅቷ። «አንድም የለም!»

«ባለጌ ማሽን፣» አለ ደወል፣ ስልኩንም ዘጋ። ያን ዕለት ከማንም ጋር ሌላ ቃል አልተናገረም። አማቱም፣ ይህ ለታሪክ ይጻፍ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉለት።

እሑድ ቀኑ ብራ ነበር። ባልና ሚስት ብቻቸውን ከበረንዳው ወረድ ብለው ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። ደወል ማረፍ አይችልበትም፤ ድንጋዩ ቆረቆረው፣ ፀሐዩ አቃጠለው፣ ወፎቹ በዙበት። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ሚስቱ ጣቶቹን ወስዳ፣ በሙያዋ ልማድ፣ አንድ በአንድ እያፍታታች ታሽለት ጀመር።

«እዚህ ግትር ነው፣» አለች የመኻል ጣቱን ይዛ።

«በመቀስ ነው።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ምን አውቄ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።» ያለው ሊወጋት ነበር። ሲወጣ ግን የራሱን ጎን ወጋው። «ስለነዚያ ልጆች ንገሪኝ፣» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት ናቸው?»

ስድስት ናቸው። ስለ እያንዳንዳቸው ነገረችው። አንዷ ባለፈው ወር ሦስት እርምጃ ሄዳለች። ደወል አላቋረጣትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ማክሰኞ ለምን ሆነ? ረቡዕ አይሻልም?» ሊል አፉን ከፈተና በራሱ ጊዜ ገጠመው። ሚስቱ አይታዋለች።

ከምሳ በፊት ስልኳን አወጣች። «ሰኞን አልጠብቅም፣» አለች፣ «አሁን ልንገራቸው።» ደወል ሐይቁን አየ። ልትጠይቀው እየጠበቀ ነበር፤ እሷ ግን አልጠየቀችውም። ደወለች። ሰላምታ ተለዋወጠች፣ እመጣለሁ አለች፣ ቀን ተነጋገረች። ከዚያ አዳመጠች።

«የሠራተኛ መኖሪያ አላቸው፣» አለች፣ ስልኩን በእጇ ከድና። «ባለአንድ ክፍልና ባለሁለት ክፍል። የቱን እናዘጋጅ እያሉኝ ነው።» ስልኩን ዘረጋችለት። «አንተ መልስላቸው።»

ደወል ስልኩን ተቀበለ። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ትሑት ድምፅ፣ «አቤት? ለስንት ሰው ነበር፣ ጌታዬ?» ይላል።

«እኔ በዚህች ከተማ ሥራ የለኝም፣» አለ ደወል፣ እንደ ክስ።

«እ… ይቅርታ፣ አልገባኝም?»

«ድልድል የሚያስፈልገው ሰው እዚህ የለም። ማዕበሉ እንኳ እንደፈለገ ነው የሚመጣው። ጠዋት ተነሥቼ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ይግባዎት፤ ምንም አላውቅም!»

ሚስቱ ጫማዋን ታያለች።

«እና… ባለአንዱን ክፍል ላድርገው?» አለ ድምፁ።

«ማን እንዲህ አለዎት?» ጮኸ ደወል። «ባለሁለቱን ነው እንጂ! ሁለት ሰው ነን። ለበዓል ደግሞ አማቴ ይመጣሉ፤ ሲያንኮራፉ ግድግዳ ያነቃንቃሉ፤ ግድግዳው ወፍራም ይሁን!»

ከበረንዳው በኩል፣ «ሰምቼሃለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ።